ቀጥ ብሎ የቆመው ሻማ

ሻማ ሠሪው አዛውንት፣ ባለ ሱቁ የመለሰባቸውን የሻማ ካርቶን ታቅፈው ወደ ቤት ሲያዘግሙ መታጠፊያው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ፣ ከአሮጌ ጎማ የጣራ ቀለም በሚሠራ ድርጅት ተቀጥራለች፤ በእጇም የቀለም ባልዲ አንጠልጥላለች።

«ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ምን ላድርግ ልጄ! የጣራው ቆርቆሮ ሥራ ቤቴን ምድጃ አደረገው። ሻማዬ እንደኔ ጎብጦ ገበያ ይወጣል። በቃኝ፣ የአባቴን ሙያ ልተወው ነው።» ሌላ ሙያ ግን አያውቁም።

«ከመተውዎ በፊት ጣራውን በዚህ ልቀባልዎ፤ ከጎማ የተሠራ ነው።»

አዛውንቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጎማማ ሞልቶልኛል! ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነቅልብኝ ስንቱን ጭኜበታለሁ፤ ታዲያ ምን በረደልኝ? ጥቁር ነገር ሙቀት እንደሚስብ ደግሞ ሕፃን ልጅ ያውቃል።»

«እውነትዎን ነው። ይህ ግን ነጭ ነው፤ ፀሐይዋን ወደ መጣችበት ይመልሳታል። ጎማው ዱቄት ሆኖ ቀለሙ ውስጥ ስለገባ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥ አብሮ ይለጠጣል፤ ቶሎ አይሰነጠቅም።»

«አፍሽስ ያምርበታል። ወሬ ግን ጣራ አያበርድም።»

«እንግዲያው ከሥራ ቤትዎ ሁለት ክፍሎች የአንዱን ጣራ ብቻ ልቀባ። ዳኛው ሻማዎ ይሁን።»

እኚህ ሰው የተጠራጠሩት ክፉ ሆነው አይደለም። ብዙ ጊዜ የተታለለ ሰው አዲስ ነገር ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ እንዲህ ያለውን ሰው በክርክር ከመርታት በዓይኑ እንዲያይ መተው ይሻላል።

ልጅቱ ጎማዎቹን አውርዳ፣ ቆርቆሮውን በምስማር አስመትታ፣ ግማሹን ደጋግማ ቀባች። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ አዛውንቱ በየክፍሉ ሻማ ደረደሩና ምሳቸውን በልተው ተመለሱ። ባልተቀባው ክፍል ያሉት ሁሉ እጅ ነሥተው ጠበቋቸው። በነጩ ጣራ ሥር ያሉት ግን ቀጥ ብለው ቆመዋል። አዛውንቱ አንዷን አንስተው ዳሰሷት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ተረታሁ ልጄ። የቀረውንም ቀቢልኝ!»

አዲሶቹን ሻማዎች በደስታ ለባለ ሱቁ አስረከቡ። ሰውየው ግን ብዙም ሳይቆይ እየተቆጣ ሥራ ቤታቸው ድረስ መጣ።

«አባባ፣ ዛሬም ጎበጡ እኮ!»

አዛውንቱ በዚህ ጊዜ አልከፋቸውም። ባልዲና መሰላል ይዘው ተከተሉት፤ የሱቁን ጣራ ቀና ብለው አዩና እንደ አስተማሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሻማዬ ከእኔ ዘንድ ቀጥ ብሎ ነው የወጣው፤ ያጎበጠው ያንተ ቆርቆሮ ነው። እኔ ጣራዬን ነጭ ካስቀባሁ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ። የምስማሩ ቀዳዳ ስለተደፈነ ዝናብ አያንጠባጥብብኝም። ሰፈር ዳር ተቃጥሎ በጭስ የሚያስለን ጎማ እንኳ ሥራ አገኘ።»

«ባልዲው ውስጥ ያለው ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው።»

ባለ ሱቁ ከት ብሎ ሳቀ።

«ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ፤ እኔም በሳቅ ነው የጀመርኩት» አሉና መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።