የእትዬ ውባንቺ አፍንጫና የሳሙናው አረፋ

ነገሩ ከመለወጡ በፊት የነበረው እንዲህ ነው። ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ያለችው የእትዬ ውባንቺ ሽሮ ቤት ርዝመቷ ስድስት፣ ስፋቷ አራት እርምጃ ነበር። የጋዙ ሲሊንደር ከምድጃው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ጋዙን ወደ ምድጃው የሚያደርሰው ጎማ ሰባት ዓመቱ ሲሆን፣ መጋጠሚያው ስለላላ ከምን አለሽ ተራ በመጣ የመኪና ካላማዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ተጠፍንጎ ታስሯል። ከሲሊንደሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የልጃቸው የእድላዊት ፍራሽ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ማታ ወለሉ ላይ ይዘረጋል።

እትዬ ውባንቺ ሽሮ ቤቱን ከመክፈታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በርበሬ ነግደዋል። ሌላው ሰው በበረንዳው ሲያልፍ ማስነጠሱን አያቆምም፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን አስነጥሰው አያውቁም። በዚህም ይኮሩ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ ምድጃው ገና ሳይለኮስ፣ አንድ ወጣት ከዝናብ ሊጠለል ገባ። በፍቃዱ ይባላል፤ ቴክኒክ ኮሌጅ ተምሮ የጋዝ ምድጃ የሚጠግን ነው።

«እንደምን አረፈዱ እትዬ? ዝናቡ እስኪያባራ ልቁም?»

«ኧረ ለቆመ ሰው ሽሮ አይቀርብም፤ ተቀመጥ!»

እሱ ግን አልተቀመጠም። «እትዬ፣ ጋዝ ይሸታል።»

«የቱ ጋዝ? እኔ ምንም አልሸተተኝም። ቆይ፣ አሁን አሳይሃለሁ» ብለው ከመቀነታቸው ክብሪት አወጡ። ሲጠራጠሩ የሚፈትሹት እንዲህ ነበር፤ ክብሪት ጭረው በመጋጠሚያው ዙሪያ ያዞራሉ።

በፍቃዱ እጃቸውን ያዘ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን ክብሪት ግን አይጭሩትም።»

«ልቀቀኝ እንጂ! በገዛ ቤቴ?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው። እሳቱ ከተነሳ ግን የሰፈሩ ነው፤ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ የበርበሬ ጆንያ ተደርድሯል» አለና ሲሊንደሩን ዘግቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ሰባት ዓመት ያልሆነ ነገር ዛሬ አንተ ስለገባህ ሊሆን ነው?»

«ትናንት ስላልፈነዳ ነገም አይፈነዳም ማለት፣ ትናንት ስላልሞትኩ አልሞትም እንደማለት ነው እትዬ። ጎማው በየቀኑ እያረጀ ነው።»

«አፍህስ ስል ነው። መስኮቱን አላየኸውም? ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ቢያፈስስ በዚያ ይወጣ የለም?»

«ጭስ ቢሆን ይወጣ ነበር። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ፈሰሰ ውሃ ወለል ለወለል ሄዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል።»

የእትዬ ውባንቺ ዓይን ሳያስቡት ወደ ተጠቀለለው ፍራሽ ሄደ። ቶሎ መለሱት።

«እግዚአብሔር ይጠብቃል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አሜን ይጠብቅ። ማታ ግን በሩን ይቀረቅራሉ አይደል?»

«ታዲያ ለአንተ የሸተተው ለእኔ ለምን አይሸተኝም? አፍንጫ የለኝም?»

በፍቃዱ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ለመናቸው። ከትሪው ላይ አንድ ፍሬ አንስቶ፣ ጨፍልቆ አፍንጫቸው ሥር ያዘላቸው።

ደጋግመው አሸተቱ። ቆይተው «ዝንጅብል» አሉ።

«ነጭ ሽንኩርት ነው።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና ቀስ ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ጋዝ በተፈጥሮው አይሸትም» አለ በፍቃዱ በትሕትና። «ያ የሚከረፋው ሽታ ሆን ተብሎ ነው የሚጨመርበት፤ አፍንጫ ዘበኛ እንዲሆን። የእርስዎ ዘበኛ ግን በርበሬ በረንዳ ላይ ጡረታ ወጥቷል።»

ሳይወዱ ሳቁ። «ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ ወጥ በግምት ነዋ የሠራሁት! እሺ፣ በአፍንጫዬ ካልሆነ በምን ልመን?»

«በዓይንዎ።»

ልማድ በክርክር ብቻ አይሸነፍም፤ ባለቤቱ ራሱ አይቶ ሲፈርድበት ግን ይወድቃል። በፍቃዱ ቤቱ በደንብ መናፈሱን ካረጋገጠ በኋላ በስኒ ሳሙና በጠበጠ፤ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፍቶ አረፋውን በመጋጠሚያው ላይ ቀባ። ከካላማዳሪው ሥር አንዲት አረፋ የባቄላ ያህል ሆነች፤ የሎሚ ያህል አበጠችና ፈነዳች። ወዲያው ሌላ ተተካች።

«ድገመው» አሉ። ደገመው። «አንዴ ጨምር።» ሦስተኛው ላይ ተነሡ።

«ልጄን ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ላይ ነው ያስተኛኋት?» አሉና ነጠላቸውን አደገደጉ። «ዛሬ ምሳ የለም። ጎማውን የት ነው የምንገዛው?»

በር ላይ የቆመ አንድ ተሸካሚ «እትዬ፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ የእሳት ጾም!»

በዚያው ቀን አዲስ ጎማ በብሎን በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ታሰረ። ሲሊንደሩ ከቤት ወጥቶ፣ አየር በሚያስገባ የብረት ሳጥን ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎማው የገባበት ቀን ግድግዳው ላይ በከሰል ተጻፈ። ማታ ማታ የሲሊንደሩን ቫልቭ የሚዘጉት እትዬ ውባንቺ ራሳቸው ናቸው፤ እድላዊት ደግሞ በእናቷ አፍንጫ ፋንታ ተሾመች። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳሙናው ስኒ ይወርዳል፤ ከዚያም በእትዬ ውባንቺ እጅ ጎረቤት ለጎረቤት ይዞራል። «አያስፈልገኝም» ያለ ሰው ነጭ ሽንኩርት ያሸታል።

ጥቅሙ የልጅ እንቅልፍና የሰፈር ደኅንነት ብቻ አልነበረም። በአሮጌው ጎማ አንድ ሲሊንደር አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የሚቆየው። አዲሱ ጎማ ከገባ በኋላ የተገዛው የመጀመሪያው ሲሊንደር፣ ያው ምድጃ ያንኑ ያህል ሽሮ እየሠራ፣ ያለቀው በሃያ አራተኛው ቀን ነው።