የወልዋዩ የአቶ አልሲድ ፓራትና የወርቅ ሰዓታቸው ዜና ሕይወት

ይህን ሁሉ በረዶ እየረገጣችሁ አቶ አልሲድ ፓራትን እስከ መጨረሻው በር ለሸኛችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈል። እኔ የሟቹ ሚስት ወንድም ዠርማን ኤራር ነኝ። ይህን እንዳነብ የለመነችኝ ልጃቸው ማርሊዝ «አጎቴ፣ አደራ ሰዓቱን እንዳታነሳው» ብላኛለች፤ ነገር ግን ሰዓቱን ትቼ የእኚህን ሰው ሕይወት መናገር ስላልቻልኩበት ይቅር ትበለኝ።

አቶ አልሲድ ከአባታቸው ከአቶ ዦዜፍ ፓራትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሴሊና ኬሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በዚሁ በኑዋርሞን መንደር ተወለዱ። አባታቸው ሣር ባለበት ወራት ፈረስ የሚያረቡ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሰዓት ብሎን የሚቀርጹ ሰው ነበሩ። አቶ አልሲድም ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት ገብተው በሒሳብ ከጓደኞቻቸው ልቀው ሳለ፣ መምህራቸው ወደ ከተማ እንዲልኳቸው አባታቸውን ቢማጸኑም፣ በቤቱ ሌላ የሚያግዝ ባለመኖሩ በአሥራ አምስት ዓመታቸው የሰዓት ቀፎ፣ ማለትም የሰዓቱን የውጭ ሽፋን፣ ከሚሠራው ፋብሪካ ገብተው የወልዋይነትን ሙያ ጀመሩ።

ወልዋይ ምን እንደሚሠራ ለዚህ ጉባኤ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ግማሻችሁ ያንን አቧራ ስትውጡ ኖራችኋል። ሻካራ ሆኖ የመጣውን የወርቅ ቀፎ በሚሽከረከረው ጨርቅ ላይ እያስጠጉ ፊት የሚያሳይ እስኪሆን ድረስ ማብራት፣ ተጭሮ የተመለሰውንም አሮጌ እንደ አዲስ አድርጎ መላክ፣ አቶ አልሲድ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኖሩበት ሥራ ነው። በቡና ቤት ጓደኞቻቸው «የሀብታም ሊስትሮ» እያሉ ሲተርቧቸው፣ «ሊስትሮስ ቲፕ ያገኛል፤ እኔን ማን አይቶኝ» እያሉ አብረው ይስቁ ነበር። እንዲህ ያለ ውድ ሰዓት መግዛት ያዋጣል ወይ ተብለው ሲጠየቁም፣ የገዢውን እንደማያውቁ፣ ለወልዋዩ ግን እንጀራ መሆኑን ይመልሱ ነበር።

ታናሽ እህቴን ወይዘሮ ኦዴትን በሕግ ባገቡ ጊዜ፣ አባታችን አቶ ኦኔዚም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሁለት ባዝራዎቻቸውን ሸጠው አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ገዝተው ለሙሽራዋ ሰጡ። ፈረስ ይሞታል፣ ወርቅ ግን በክፉ ቀን ቤት ያድናል የሚል እምነት ነበራቸው። እኔ ሁለቱም ባዝራዎች እርጉዝ መሆናቸውን አንስቼ ተከራክሬ ነበር፤ ምክሬን ግን የሰማኝ አልነበረም።

ወይዘሮ ኦዴት ሰዓቱን ያሰሩት አንድ ቀን ብቻ፣ ማርሊዝ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ነው። ሕፃኗን አቅፈው ጎንበስ ሲሉ እጃቸው ከማጥመቂያው የድንጋይ ገንዳ ጋር ተጋጭቶ በቀፎው ጎን ላይ ረጅም ጭረት ቀረ። አቶ አልሲድ ያንን ጭረት ለማጥፋት ስንት ጊዜ ለመኑ፤ ሚስታቸው ግን ጭረቱ የልጃቸው ቀን መታሰቢያ እንደሆነ ነግረው እንቢ አሉ፤ ሰዓቱም ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎች መካከል ተቀመጠ።

ክፉ ቀንም አልቀረም። በባትሪ የሚሠራው ርካሽ ሰዓት ገበያውን ባጥለቀለቀ ጊዜ ፋብሪካው ተዘግቶ አቶ አልሲድ በደን ቆራጭነት ሲንከራተቱ፣ ሰዓቱን ለመሸጥ ቢሞክሩ፣ ነጋዴዎቹ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዘመን እንዳለፈ ነገሯቸውና የሚገዛ ጠፋ። ቤቱን ያዳነው የወይዘሮ ኦዴት የልብስ ስፌት ነው። ከዓመታት በኋላ ባለጸጎች የወርቅ ሰዓት ወረፋ ይዘው የሚገዙበት ዘመን ሲመጣ ፋብሪካው ተከፈተ፤ አቶ አልሲድም ወደ አቧራቸው ተመለሱ።

በእርጅናቸው ወይዘሮ ኦዴትን የመርሳት በሽታ ያዛቸው። ገና ልብ እያላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ፣ ከቤታቸው እንዳይወጡ ነበር፤ አቶ አልሲድም እጃቸውን ይዘው ቃል ገቡላቸው። ቀንና ሌሊት የምታስታምም ነርስ ለመቅጠር ጡረታቸው ስላልበቃ፣ ማርሊዝ የሰዓቱን ፎቶግራፍ ጄኔቫ ለሚገኝ አሮጌ ሰዓት ገዢ ላከች፤ ሰውየውም እናቷን ለብዙ ዓመታት በቤታቸው የሚያስታምም ዋጋ ጠርቶ፣ ሰዓቱን እንዳለ እንዲያመጡት አሳሰበ። ለአቶ አልሲድ ይህ «እንዳለ» ማለቱ፣ እንግዳ «አትቸገሩ» እንደሚለው ያለ ይሉኝታ መሰላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተጫረ ዕቃ ሲያበሩ የኖሩ ሰው፣ ሚስታቸውን የሚያድነውን ዕቃ ከነጉድፉ ገበያ ያወጣሉ? የገዢዎችን ሕግ ለወልዋይ የነገረው ማንም አልነበረም። ከአሮጌው መወልወያቸው ፊት ተቀምጠው፣ በዕድሜያቸው ሁሉ ከሠሩት የሚበልጠውን ሥራ ሠሩ።

ጄኔቫ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ገዢው በማጉያ መነጽር ቀፎውን አገላብጦ አይቶ ማን እንደወለወለው ቢጠይቅ፣ አቶ አልሲድ ሊመሰገኑ መስሏቸው ቀና ብለው «እኔ ነኝ» አሉ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጠርዙ ተፍቆ መሳሳቱን፣ የወርቁን ጥራት የሚመሰክረውም ማኅተም መደብዘዙን አሳይቶ፣ «አባቴ፣ አሮጌ ሰዓት የሚወደደው ያልተነካ ሲሆን ነው፤ ከነጭረቱ ቢያመጡልኝ ኖሮ ቃሌን አላጥፍም ነበር» አላቸውና ከወርቁ ክብደት እምብዛም የማይበልጥ ዋጋ ሰጠ። አቶ አልሲድ ሳይሸጡ ሰዓቱን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ቤት ሲደርሱ ሰዓቱን በወይዘሮ ኦዴት መዳፍ ላይ አኖሩት። እህቴ ጎኑን በአውራ ጣታቸው ደባበሱ፤ አሁንም ደባበሱ፤ የሚፈልጉትን አላገኙትም። «ይሄ የኔ አይደለም። የሰው ዕቃ ነው፤ ለባለቤቱ መልሱለት» አሉ።

ሰዓቱ በዚያው በወረደው ዋጋ ተሸጦ የጥቂት ወራት ማስታመሚያ ሆነ፤ ቀጥሎ ቤቱ ተሸጠ፤ ወይዘሮ ኦዴትም ቆላ ካለው የአረጋውያን ማቆያ ገቡ። አቶ አልሲድ በአውቶቡስ እየወረዱ ሲጠይቋቸው፣ እህቴ ያን ሰሞን ስለ ጄኔቫው ገዢ ሲወራ ሰምተው ኖሮ፣ ባላቸውን እሱ አድርገው በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ የምንሸጠው ሰዓት የለንም» ይሏቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስ ከዚህ ሌላ ስም አልሰጧቸውም።

ያን ሰዓት ሁለት ጊዜ ጠራነው፤ ሁለቱንም ጊዜ አልደረሰልንም። ባዝራዎቹ ቢቀሩ ያድኑን ነበር ብዬም በሬሳ ፊት አልዋሽም፤ እነሱም ያረጁ ነበር።

አቶ አልሲድ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ኖረው፣ ሳንባቸውን ለዘመናት ሲበላ የኖረው አቧራ አልጋ ላይ አውሏቸው፣ ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። ከልጃቸው ከማርሊዝና ከእኔ በቀር የተረፋቸው ዘመድ የለም።

ጌታ ሆይ፣ የአገልጋይህን የአልሲድን ነፍስ በዕረፍት ቦታ አኑርልን። የምለምነው ይሰማ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እለምናለሁ። አንቺም ኦዴት፣ እህቴ፣ ዛሬ ወደ አንቺ የሚመጡት የጄኔቫው ሰው አይደሉም፤ ባልሽ ናቸው።