ክር የገባባቸው መርፌዎች

ከሴንትሩም ወደ ስቶቭነር በሚሄደው ባቡር፣ ከፊቴ የተቀመጡትን አንዲት ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት ወሬ ያስጀመራቸው ልጅቷ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው የእንጨት ሣጥን ነው።

«የስፌት ሣጥን ነው አይደል፣ ልጄ? ከየት አገኘሽው?»

«ከዶድስቦ ሽያጭ፣ እማማ። ሰው ሲሞት የቤቱን ዕቃ ይሸጡት የለ? እኔ አሮጌ አሮጌውን እገዛና አድሼ በኢንተርኔት እሸጠዋለሁ። ይሄ የጌጣጌጥ ማስቀመጫ ይሆናል።»

«የማን ነበር?»

«ብቻዋን የምትኖር አሮጊት። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይዩት፣ ዘጠኝ መርፌ፣ ሁሉም ክር ገብቶባቸው ተሰክተዋል። ምን አስቸኮላት?»

«እሷ አይደለችም ያስገባችው። ደህና ዓይን ያለው ሰው ነው።»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔም እንደዚሁ ነኝ። ልጄ ሲመጣ፣ እስኪመለስ የሚበቃኝን አስገብቶልኝ ይሄዳል። የአንዱ ክር ሲያልቅ ሌላውን አነሳለሁ።»

«ከእነዚህ ግን አንዱም አልተነካም እኮ።»

«እንግዲያው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ብዙም አልቆየች።»

ልጅቷ ክዳኑን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«እኔ መርፌዎቹን ልጥላቸው ነበር።»

«ኧረ አትጣያቸው። ለእኔ ስጪኝ።»

«ልጅዎ ያስገባልዎት የለ?»

«እዚያ ሩቅ፣ በርገን ከተማ ሥራ አገኘ። ለፋሲካ መጥቶ ያስገባልኝ ካለቀ ቆየ።»

«እነዚህስ ሲያልቁ?»

«እስከዚያ ይመጣል።»

እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ፣ ሳላስበው አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ቀጭን ክር የያዝኩ ያህል አጣብቄ ነበር።