የባንዳው ሽሮ

በጣሊያን ጊዜ ከቡሬ ወደ ደምበጫ በሚሄድ ካሚዮን ተሳፍሬ ነበር። ከፊቴ አንዲት አሮጊትና ጠመንጃ ያነገተ ባንዳ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«እማማ፣ ሽሮ እንዴት ነው የሚሠራው?» አላቸው ባንዳው።

«ሚስት የለህም?»

«ጥላኝ ሄደች።»

«ወዴት?»

«ጫካ፣ አርበኞቹ ዘንድ።»

«እሰይ! አይዞህ ማለቴ ነው። ጎረቤትስ አይሠራልህም?»

«እንኳን ሊሠሩልኝ እሳትም አያስጭሩኝም።»

«እሳትማ እናንተ መች ይቸግራችኋል!»

«ትናንት ራሴ ሞከርሁ። ዱቄቱን የፈላ ውሃ ላይ ባንድ ጊዜ ብገለብጠው ጓጎለ።»

«ባንድ ጊዜ? ገንፎ አደረግኸው እኮ! በል ስማ። ሽንኩርቱን ከትፈህ በኑግ ዘይት አቁላላ። በርበሬ ጨምር፣ ውሃ ጨምር። ሲንተከተክ ሽሮውን በትን በትን እያደረግህ አማስል። ጨው አትርሳ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ጠመንጃ መፍታት የቻለ ሰው ይህ አያቅተውም። ግን ጌቶችህ የቆርቆሮ ሥጋ አይሰጡህም?»

«ይሰጡኛል። ግን ሁዳዴ እኮ ነው እማማ! ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ?»

«እውነትህን ነው ልጄ። ባለፈው ዓርብ ቀያችንን ስታቃጥሉም ሥጋ ባፍህ አልዞረም።»

ባንዳው አቀረቀረ። ካሚዮኑ እያቃሰተ አንድ ዳገት ወጣ።

«ጨው እንዳትረሳ» አሉት እማማ።

እኔ ጫካ ላሉት የምወስደውን የሽሮ ቋጠሮ ከጋቢዬ ሥር ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት።