«አታልቅሺ» የተባለችው እናት

ባለፈው መስከረም ከጠዋት ቅዳሴ ወጥቼ በጣና ዳር ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ መሪጌታ ገብረ መስቀልና የወንድማቸው ልጅ ሚስጥር መንገድ ላይ ቆመው ሲሟገቱ አገኘኋቸው። መሪጌታ በባሕር ዳሯ ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን የግእዙን ንባብ የሚመሩ አዛውንት ናቸው። ሚስጥር ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ የዕለቱን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና አስተንትኖ በስልኳ ለምእመናን የምትልክ ልጅ ናት። ሰው ሲሟገት አይቼ ማለፍ አልችልበትም፤ ቆምሁ።

«እሰይ፣ መምህር መጣ! እሱ ይፍረደን» አሉ መሪጌታ። «ይቺ ልጅ የሺአረግን ልትገድልብኝ ነው!»

የሺአረግ የመሪጌታ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ አምሐ ደግሞ በነሐሴ ከጎርጎራ ሲመለስ ጀልባው ተገልብጦ ሐይቁ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። በቀብሩ ዕለት ልትጮህ ስትል መሪጌታ «ኢትብክዪ!» ብለው ከለከሏት። አታልቅሺ ማለት ነው፤ የጌታ ቃል ነው ብለው። እሷም ታዘዘች። ከዚያ ወዲህ እንባ የለ፣ እህል የለ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ብቻ። ሳያት ሌላ ቀብር ይታየኝ ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ሚስጥር። «የዛሬውን ወንጌል ቤቷ ሄደን በአማርኛ እናንብብላት ነው ያልሁት።»

«የዛሬው እኮ የናይኗ መበለት ናት! ጌታ አንድ ልጇን ከቃሬዛው ላይ ያስነሣላት! ልጇ ላልተነሣላት እናት ይኼን ማንበብ ቁስሏ ላይ እንጨት መስደድ አይደለም ወይ? እኔ የሚያጽናናውን መርጬ፣ በንባብ ሕጉ ተነሹን ቃል አንሥቼ፣ ወዳቂውን ጥዬ፣ በግእዝ አነብላታለሁ።»

«በንባቡስ ማን ይችልዎታል፣ አጎቴ። ግን የሚመርጡላት እርስዎን የሚያጽናናዎትን ነው። የዕለቱን ንባብ እኛ አንመርጠውም፤ ለተደሰተውም ላዘነውም እኩል ይመጣል። ትስማው፣ ታስተንትነው፤ ከዚያ የመሰላትን ትበል።»

«ትበል? ቃሉ ይሰማል እንጂ መልስ ይሰጠዋል?»

«ኢዮብስ ዝም ብሎ ነበር?»

እኔም አላስቻለኝምና፣ «መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ግእዙ እኮ አይገባትም። ልጅዎ እያለቀች ነው» አልኋቸው። ተቀየሙኝ። ቢሆንም ወደ የሺአረግ ቤት መንገድ ጀመሩ፤ ተከተልናቸው።

ሚስጥር ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ቀስ ብላ አነበበች። ጌታ ለመበለቲቱ አዝኖላት «አታልቅሺ» ያላት ላይ ስትደርስ፣ የሺአረግ ፊቷን ከግድግዳው ወደ እኛ መለሰች።

«እስኪ ድገሚው።»

ደገመችላት።

«ከዚያስ ምን አደረገ?»

«ልጇን አስነሥቶ ሰጣት።»

የሺአረግ አባቷን ትክ ብላ አየቻቸው። «አባባ፣ ያን ዕለት ኢትብክዪ ያሉኝ ከዚህ አውጥተው ነው?»

«አዎ ልጄ።»

«እሱ አታልቅሺ ያላት ልጇን ሊሰጣት ነው። እርስዎ ምን ሊሰጡኝ ነው አታልቅሺ ያሉኝ?»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምንም» አሉ። «ምንም የምሰጥሽ የለኝም፣ ልጄ። ቃሉን ከመካከሉ ቆርጬ አፍሽን አስያዝሁሽ። እባክሽ አልቅሺ!»

«አምሐዬ!» ብላ ጮኸች። ያን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። እሳቸውም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ፤ ለካ ራሳቸውም አላለቀሱም ኖሯል። ወይ ጉድ፣ አንዲት ቃል ከቦታዋ ተነቅላ ሁለት ሰው ስታንቅ ከርማለች!

አንባቢዬ ሆይ፣ እኔም ከዚያ ወዲያ የዕለቱን ንባብ ሙሉውን፣ በሚገባኝ ቋንቋ፣ ሳልመርጥ አነባለሁ። አንብቤም ዝም እላለሁ፤ ያዘነ ሰው አጠገቤ ካለ እሱ የሚለውን አስቀድማለሁ። ይህን የሚያደርግ ቤት ሐዘን ባይቀርለትም፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተውም። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥም አላውቅለትም።

የሺአረግ ተጽናናች ብዬ አልዋሽም። በማግስቱ ግን እኔ ልጠይቃት ሄጄ እሷ ዘንድ ሳለሁ፣ መሪጌታ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው በአማርኛ አነበቡላትና፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«ዛሬ ምንም አልልም፣ አባባ» አለቻቸው። «ነገ ይምጡ።»

መሪጌታ እየተደናቀፉ ወጥተው በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል።

«ሰማህ መምህር?» አሉኝ። «ነገ አለች እኮ!»