ሰባተኛው ዘፈን፣ ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ

— ሄሎ? … አቤት። … አቤት አክስቴ፣ እኔው ነኝ። … አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ግን የምሠራው ያንቺኑ ዘፈን ነው። እንደምን ዋልሽ? … ጉልበትሽስ? … እሺ። … እሺ፣ ስለ ጉልበት አናውራ። እስቲ የስፌት መኪናውን አንዴ አቁሚው፣ በደንብ አይሰማኝም። … አሁን ይሰማል።

— ካሴቱ ደረሰሽ? … አዳመጥሽው። … ጥሩ። … ጥሩ አይደለም?

— ማን ነው የሚጮኸው? … የቱ ሰውዬ? … አክስቴ፣ የሚጮኽብሽ ሰውዬ እኮ አጎቴ ነው። … የቀድሞ ባልሽ። … መፋታታችሁን አውቃለሁ። ዘፈኑ ሲቀዳ ግን አልተፋታችሁም ነበር። እሱ ያወጣል፣ አንቺ ትቀበያለሽ። የሸክላው ሽፋን ላይ ያለው ፎቶም የሁለታችሁ ነው። … ሽፋኑን ጣልሽው። እሺ።

— አንዴ ቆይኝ። … አክስቴ ናት፣ ጋሼ። ስለ ሰባተኛው ዘፈን። … አዎ፣ አሁን ትነግረኛለች።

— ይቅርታ፣ ቴክኒሻናችን ናቸው። ሰላም ብለውሻል። … አላሉም፣ ግን ሊሉ ነበር።

— እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የስልሳዎቹን መጀመሪያ ዘፈኖች በአንድ ሲዲ እየሰበሰብን ነው፣ ሃያ ዘፈን። ያኔ ብዙዎቹ ሁለት ሆነው ነው የወጡት፤ አንዱ ሞኖ፣ ሁሉም ድምፅ ባንድ ላይ የሚወጣበት፣ ሌላው ስቴሪዮ፣ ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ። … አውቃለሁ እንደምታውቂ። አንቺ ስቱዲዮ ስትገቢ እኔ አልተወለድኩም። … እናቴም አላገባችም ነበር፣ እውነትሽን ነው።

— የኔ ሥራ ከሁለቱ የሚሻለውን መምረጥ ነው። … በግምት አይደለም። ድምፃቸውን እኩል እናደርግና፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ ሦስት ሦስት ጊዜ እንሰማለን። ከዚያ ወረቀት ላይ ምልክት እናደርጋለን። እሳቸው የኔን አያዩም፣ እኔ የሳቸውን አላይም። … አዎ፣ እንደ ፈተና። … ማንም አልኮረጀም። አሥራ አንዱ ሞኖ ወጣ፣ ስምንቱ ስቴሪዮ። ያልተዘጋው ያንቺ ብቻ ነው።

— ያንቺም ሞኖ ነው የወጣው፣ በሁለታችንም ወረቀት፤ በካሴቱ የላክሁልሽም እሱን ነው። … አላዳላሁም። ባዳላ ኖሮ ላንቺ ነበር የማዳላው፣ ክረምት ክረምቱን አንቺ ቤት ነው ያደግሁት። … ለምን መሰለሽ፣ ያን ጊዜ ሞኖውን ቀኑን ሙሉ ይደክሙበት ነበር፤ ስቴሪዮውን ከምሳ በፊት ነካ ነካ አድርገው ይወጣሉ። ያንቺን ዘፈን በስቴሪዮ ስሰማው፣ አንቺና ጊታሩ ግራ ግድግዳ ላይ፣ አጎቴና ከበሮው ቀኝ ግድግዳ ላይ ናችሁ። መሃሉ ባዶ። ቴክኒሻኑ «የተኳረፈ ቤት ይመስላል» አሉ። … ታሪካችሁን አያውቁም እኮ። ስለ ድምፁ ነው የተናገሩት።

— ስቴሪዮው ይሻላል ትያለሽ። … ድምፅሽ ይጎላል። ልክ ነሽ፣ ይጎላል። … እሱም የለበትም? … አለበት እንጂ አክስቴ፣ በቀኝ በኩል አለ። … ቤትሽ ያለው ሸክላ ላይ የለም? … አንቺና ጊታሩ ብቻ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ?

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማጫወቻሽ ስንት ስፒከር አለው? … አንድ። … ሁለተኛውስ? … እሱ ወሰደው።

— ቀስ በይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ስትለያዩ ሽማግሌዎቹ ዕቃውን እኩል ተካፈሉ አሏችሁ። … ስድስት ወንበር፣ ሦስት ሦስት። … ማጫወቻው ላንቺ፣ ቁም ሳጥኑ ለሱ። … ስፒከሩም ሁለት ስለሆነ አንድ አንድ። … ከሽማግሌዎቹ መሃል ይሄ ነገር ጥንድ ነው ያለ አልነበረም? … ጫማም ቢሆን ያካፍሏችሁ ነበር። … አልሳቅሁም። ሳል ነው።

— እንግዲያው ሃያ ዓመት ሙሉ ግራውን ብቻ ነው የሰማሽው። … በደህናው ጊዜስ፣ ሁለቱም ስፒከር ቤት እያለ? … በደህናው ጊዜ ማን ልብ ብሎ ይሰማል። እሱም እውነት ነው።

— ደንበኞችሽ? … ልብስ ሊለኩ ሲመጡ ታሰሚያቸዋለሽ። ብቻሽን የዘፈንሽው ነው የሚመስላቸው። … አልዋሸሽም፣ ዝም አልሽ እንጂ። … ሁሉም ሲዲውን እየጠበቁ ነው። … ገባኝ። አሁን ከመሃል ወንድ ብቅ ሲል ምን ልትያቸው ነው። … ጭንቀትሽ ገብቶኛል አክስቴ፣ የምሬን ነው።

— አልፈርምም አትበይ። ሁለታችሁም የፈቃዱን ወረቀት ካልፈረማችሁ ዘፈኑ ከሲዲው ይሰረዛል። ዛሬ በአሥር ሰዓት ወደ ማባዣው ይሄዳል፣ አሁን ስምንት ሆኗል። … ማስፈራራቴ አይደለም፣ ሰዓቱን ነው የነገርኩሽ። ሌላ የተቀዳ ዘፈን የለሽም። ይሄ ከቀረ፣ ድምፅሽ የሚኖረው እዚያ አንድ ስፒከር ውስጥ ብቻ ነው።

— ሄሎ? … ትሰሚኛለሽ? … እሺ። መኪናውን መልሰሽ ስታስነሺው ድምፅሽ ጠፋብኝ።

— እሱ? ለሱም ካሴቱ ደርሶት ትናንት ደውሎልኝ ነበር። … ምን እንዳለ… እሺ፣ ሁለታችሁንም እኩል ማየት ስላለብኝ እነግርሻለሁ። እሱም ስቴሪዮው ይሁን ነው ያለው። … አንቺን ለማብሸቅ አይደለም፣ አንቺ የቱን እንደምትፈልጊ አያውቅም። ሞኖው ላይ አንዲት ሴት እየገባች ትረብሸኛለች አለ። … እኔ ምን ላድርግ፣ ያለውን ነው የምነግርሽ። ያኔ አልገባኝም ነበር፣ አሁን ገባኝ። እሱ ሌላ ማጫወቻና ሸክላ ገዝቷል፣ ስፒከሩ ግን ያው የወሰደው ቀኙ ነው። … እሱና ከበሮው ብቻ። … እንግዲህ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማማችሁ።

— ሁለታችሁም ካላችሁ ስቴሪዮውን አደርገዋለሁ። ዘፈኑ የናንተ ነው። … አንዴ። … አዎ ጋሼ፣ ስቴሪዮ ልትል ነው። … ወረቀቱን አልረሳሁትም። … እሺ፣ እነግራታለሁ።

— ሦስቱንም ጊዜ ሞኖ ነው ያልኩት ይላሉ። … ይሄን መልእክትሽን አላደርስላቸውም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንውለው።

— ብቻ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ቦታ አብረን እንስማ። ሁለተኛው አዝማች ላይ፣ አንቺ የምትገቢበት። ካሴቱን እስከዚያ ሰምተሽዋል? … እሱ አፉን ሲከፍት አጠፋሽው። … ገምቼ ነበር። ስልኩን ስፒከሩ ጋ አስጠጋዋለሁ፤ ስልክ ያው ሞኖ ነው፣ አንድ ጆሮ ይበቃሻል። … ጋሼ፣ ሁለተኛውን አዝማች ይክፈቱልኝ። ሞኖውን። … ትንሽ ከፍ።

— …

— ሰማሽ? … ምኑን? … እሱ የመጨረሻዋን ቃል ይስባታል አይደል? … ሲጎርር አይደለም። ምቱን ቁጠሪው። ከበሮው አራት ሲመታ መግባት ነበረብሽ። … አልገባሽም። … አክስቴ፣ አልገባሽም፤ የገባሽው በስድስተኛው ነው። … ሆን ብለሽ? … ግራውን ብቻ ስትሰሚው አዎ፣ ሆን ብለሽ ይመስላል፤ ጊታሩ ለብቻው ይቀርና አንቺ በፈለግሽው ሰዓት ትመጫለሽ። ቀኙን ብቻ ለሚሰማ ደግሞ ወንዱ ትንፋሹን እያሳየ ነው፤ እሱም ትናንት እንደዚያ ብሎ ነው የተመካብኝ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሆኑ ግን…

— ልድገመው? … ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።

— …

— አዎ። … አዎ፣ እየጠበቀሽ ነው። እስክትገቢ ድረስ ቃሉን አልለቀቀውም። አንቺ ከገባሽ በኋላ ነው የተነፈሰው። … ይሰማል፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

— አውቃለሁ። … መንገድ ላይ ሃያ እርምጃ ቀድሞሽ ነበር የሚሄደው። አንድ ቀን ዞር ብሎ ጠብቆሽ አያውቅም። ይሄን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። … ውሸት ነው አላልኩም። መንገዱ ላይ አልነበርኩም። እኔ የማውቀው ቀረጻውን ነው። ቀረጻው ላይ የዘገየሽው አንቺ ነሽ፣ የጠበቀው እሱ።

— ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። … አዎ። አንቺ ነሽ ያልሽው፣ እኔ አልወጣኝም።

— አስቢበት፣ አትቸኩዪ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ።

— ሞኖ? … ልብ በይ፣ ድምፅሽ ከስቴሪዮው ዝቅ ይላል። ይሄን ሳልነግርሽ ባስፈርምሽ ግፍ ነው የሚሆንብኝ። … ይጩህ። … እሺ፣ ይጩህ። ደንበኞችሽስ? … ስቴሪዮው ተቆርጦ ያልተሰፋ ልብስ ነው ትያቸዋለሽ። … ቆይ፣ ይሄን ልጻፈው። ወረቀታችን ላይ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፣ እኛ እስካሁን «ሞኖው ይሻላል» ከማለት ሌላ የጻፍንበት ነገር የለም።

— አሁን የቀረው የሱ ፊርማ ነው። እሱ የሚፈልገው ስቴሪዮውን ነው፣ እኔ ደውዬ ላስረዳው… … አንቺ? … አንቺ ትደውዪለታለሽ? … ምን ብለሽ? … አያገባኝም። እውነትሽን ነው።

— ቁጥሩን? … ያው ነው። … የድሮው፣ አብራችሁ እያላችሁ የነበረው። ቤት ሲቀይር ቁጥሩን ይዞት ሄደ። … እኔ እንጃ። አስቀይረው ብለን ብዙ ጊዜ ነግረነዋል። … እሺ አክስቴ። … በቃልሽ ታውቂዋለሽ፣ እሺ። ደህና ዋይ።

— ጋሼ፣ ሞኖ ነው። … ፈርማለች አላልኩም፣ ትፈርማለች ነው ያልኩት። … ለሱማ እሷ ራሷ ልትደውልለት ነው። … ካላመኑኝ እኔም እሞክረዋለሁ። ይኸው።

— …

— ተይዟል።

— አይ፣ አልደግመውም። አሥር ሰዓት ገና ነው ጋሼ። እንጠብቃለን።