ገመዱን ስቤ አወረድኩበት

ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንዲት ትልቅ ሴት ያወራሉ። ገና ከመናኸሪያ መውጣታችን ነበር።

«ሹፌር፣ ሸኮ ወራጅ ነኝ፤ በናትህ ፍጠን!» አለ ወጣቱ።

«ምን ረስተህ ነው ልጄ?» አሉት ሴትየዋ።

«ጓደኛዬን። ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ትቼው መጣሁ።»

«ሂድ ወዲያ! በእኔም ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም እማማ። የቀለድኩት ጠዋት ነው። ቀፎ ሊሰቅል እንደወጣ መወጣጫ ገመዱን ስቤ አወረድኩበት።»

«ምን አድርጎህ?»

«ምንም። ሁልጊዜ ‹እኔ ገመድ አያሻኝም› እያለ ይፎክራል። ትንሽ ልሳቅበት ብዬ ተደበቅኩ። መጀመሪያ ሰደበኝ፤ ቀጥሎ ለመነኝ፤ ከዚያ ዝም አለ።»

«ቀና ብለህ አላየህም?»

«ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሰው አያሳይም። ብጠራው፣ ብጠራው መልስ የለም። በሐረግ ወርዶ፣ አኩርፎኝ ቤቱ የገባ መሰለኝና ሚዛን ገበያ መጣሁ።»

«ታዲያ ቤቱ አልገባም?»

«ቅድም ሚስቱ ደወለች። ‹ባሌን የት አደረስከው?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«አጠገቤ ነው አልኳት።»

«ኧረ በስመአብ!»

«‹እስቲ አገናኘኝ› ስትለኝ ዘጋሁት።»

ስልኩ እንደገና ጠራ።

«አንሳው እንጂ!»

«እርስዎ ያንሱልኝ እማማ።»

ከዚያ ሸኮ እስክንደርስ ድረስ፣ በመስኮቱ የሚያልፈውን ዛፍ ሁሉ ጫፍ ጫፉን እያየሁ ተጓዝኩ።